የድሮ ብሉዝ የፒያኖ ሮል፦ በዓይን፣ በእግርና በጆሮ እንዴት ይጣጣማል?

በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት አንድ ጥያቄ ቀረበ። በራሱ ለሚጫወት ፒያኖ ተበስቶ የሚሸጠው ጥቅል ወረቀት የዘፈኑ ኖታ ቅጂ ነው ወይስ የማሽኑ አንድ ክፍል? ፍርድ ቤቱ የማሽኑ ክፍል ነው አለ። ሰው እንደ ኖታ አይቶ አያነበውም፣ ስለዚህ ቅጂ አይባልም ነው ነገሩ። በዓመቱ ሕጉ ተለወጠና ለእያንዳንዱ ጥቅል 2 ሳንቲም ለዘፈኑ ባለመብት እንዲከፈል ተደረገ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የገንዘቡ ነገር በዚህ ተፈታ። «ሰው አያነበውም» የሚለውን ግን ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ያምንበታል። እኔ አላምንበትም። ጥቅሉ ይነበባል። አንድ ማስመሪያ፣ ረዘም ያለ ጠረጴዛና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። በተለይ ብሉዝ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ከሆነ፣ የዘፈኑ ቅርጽ ወረቀቱ ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይህን የምጽፈው አንድ ጥቅል እጁ ለገባ ወይም ሊገባ ለሚችል ሰው ነው። አሜሪካ የምትኖሩ፣ የድሮ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ ወይም ቤት ተለቅቆ ዕቃው ሲሸጥ ልታገኙት ትችላላችሁ። ረዘም ያለ ጠባብ የካርቶን ሳጥን ነው፤ ጫፉ ላይ የዘፈኑ ስም ተለጥፏል። ሰብሳቢዎች ሮል ይሉታል፤ እኔም ሮል እላለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ ሮሉ ምን ይዟል? ምንስ አልያዘም?

ይህን ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። የፒያኖ ሮል የተቀዳ ድምፅ አይደለም። የትኛው ቁልፍ፣ መቼ እንደሚመታና ለምን ያህል ጊዜ ተይዞ እንደሚቆይ ይነግራል። በምን ያህል ኃይል እንደሚመታ ግን አይነግርም። ጣቱን ይዟል፤ ጉልበቱን አልያዘም። ጉልበቱ የሚመጣው ከእናንተ እግር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፒያኖው ሥር ሁለት ፔዳሎች አሉ። ፔዳሎቹ ወናፍ ያንቀሳቅሳሉ። ግን ይህ ወናፍ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር አይነፋም፤ አየር ይስባል። ወረቀቱ ከላይኛው በከራ ወደ ታችኛው በከራ ሲወርድ፣ 88 ቀዳዳ ባለው የናስ ዘንግ ላይ እየታከከ ያልፋል። የወረቀቱ ቀዳዳ ከዘንጉ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም አየር ይገባል። አየሩ ትንሽ ቫልቭ ያነሳል። ያን ጊዜ የዚያ ቁልፍ ትንሽ ወናፍ ትኮማተራለች፤ መዶሻው ሽቦውን ይመታል። ወናፉ በኃይል ከሳበ መዶሻው በኃይል ይመታል፤ ቀስ ብሎ ከሳበ ቀስ ብሎ።

የአመታቱን ኃይል ጭምር የሚይዙ ሌሎች ውድ ሥርዓቶች ነበሩ፤ ቬልቴ-ሚኞን፣ ዱዎ-አርት፣ አምፒኮ። አብዛኛው የብሉዝ ሮል ግን የተሠራው ሰው በእግሩ ለሚረግጠው ለተራው የቤት ፒያኖ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ። ለእኔ ግን የሮሉ ውበት ያለው እዚያው ላይ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተጫወተ ሰው ጣቱን ትቶላችኋል፤ እናንተ ደግሞ ትንፋሹን ትሰጡታላችሁ።

1. ሳጥኑንና መለያውን አንብቡ

ሮሉን ከመዘርጋታችሁ በፊት ሳጥኑን እዩ። ጫፉ ላይ ያለው መለያና ሮሉ ራሱ መጀመሪያ ላይ የታተመበት ጽሑፍ አንድ መሆናቸውን አረጋግጡ። በመቶ ዓመት ውስጥ ሳጥን ይቀያየራል። የዘፈኑ ስም፣ ደራሲው፣ የተጫዋቹ ስም፣ ኩባንያውና ቁጥሩ፣ እንዲሁም የወረቀቱን ፍጥነት የሚነግረው ቴምፖ የሚለው አኃዝ ይኖራል። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፉ።

«ብሉዝ» የሚል ቃል ብቻ አትፈልጉ። በ1920ዎቹ ሮል የሚገዛው ቤት ውስጥ ለመጨፈርም ስለነበር፣ ብዙ ብሉዝ «ፎክስ ትሮት» በሚለው የጭፈራ ስም ነው የተሸጠው። በተቃራኒው ደግሞ «ብሉዝ» የሚል ስም ይዞ የብሉዝ ቅርጽ የሌለው ዘፈን ሞልቷል። ስሙ በወቅቱ ገበያ ነበረው። ዳኛው ወረቀቱ ነው፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

የተጫዋቹን ስም ስታዩ ጥቂቶቹን በቃል መያዝ ይጠቅማል። ፒያኒስቱ ጀምስ ፒ. ጆንሰን በ1921 ኪው አር ኤስ ለሚባለው የሮል ኩባንያ መሥራት ጀመረ። ወጣቱ ፋትስ ዋለር በ1923 ተከተለው። ጄሊ ሮል ሞርተንና ክላረንስ ዊሊያምስም ሮል ሠርተዋል። ካው ካው ዳቬንፖርት ሲንሲናቲ ለነበረው ቮካልስታይል ኩባንያ ተጫውቷል። እኔ በጣም የምወደው ግን ጂሚ ብላይዝ ነው። ኬንታኪ ተወልዶ ቺካጎ የኖረ፣ በ1931 ገና በ30 ዓመቱ የሞተ ሰው ነው። እጅግ ብዙ ሮል ትቶ አልፏል። እንደ እሱ ያለውን ሰው በደንብ ለማወቅ ከሸክላው በተጨማሪ ወረቀቱን መስማት ግድ ነው።

ስሙን ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ኩባንያዎቹ የብዕር ስም ይጠቀሙ ነበር። ለኪው አር ኤስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሮሎችን ያዘጋጀው ጥቁር አሜሪካዊ ጄ. ሎውረንስ ኩክ፣ ብዙዎቹን ያወጣው በሌላ ስም ነው።

አንድ ነገር ሳትለኩ ግን ፒያኖው ላይ አትጫኑ። በ1908 መጨረሻ የአሜሪካ አምራቾች ቡፋሎ ከተማ ላይ ተሰብስበው አንድ መለኪያ ላይ ተስማሙ፤ ወረቀቱ 28.6 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 9 ቀዳዳ፣ በድምሩ 88 ኖታ። ከዚያ በፊት የነበረው ባለ 65 ኖታ ሮል በኢንች 6 ቀዳዳ ብቻ ነው። የወረቀቱ ስፋት አንድ ስለሆነ በዓይን ያሳስታል። የበከራውን ጫፎች እዩ፤ በአሮጌው ላይ እንደ ሚስማር የወጣ ነገር አለ፣ በባለ 88ቱ ግን ጫፉ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ሳንቲም ተከትቶበት በየመጠጥ ቤቱ ይጫወት ለነበረው ፒያኖ የተሠሩም አሉ። በአንድ ሮል ላይ አብዛኛውን ጊዜ 10 ዘፈን ይደረደራል። ጥሩ ብሉዝ ይገኝባቸዋል፤ በቤት ፒያኖ ላይ ግን አይሠሩም።

2. ወረቀቱን መርምሩ

እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ጠረጴዛውን ጥረጉ። የሮሉን መጀመሪያ ወደ እናንተ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ዘርጉት። የዚያን ዘመን ወረቀት ብዙ ጊዜ አሲድ ያለበት ነው። ይቢጫል፣ ይደርቃል፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። አንዱን ጠርዝ በጣታችሁ ጫፍ ትንሽ ብቻ ጎንበስ አድርጉት። ተለጥጦ ከተመለሰ ይጫወታል። ፍርፋሪ ከጣለ አይጫንም፤ በዓይን ብቻ ይነበባል።

ሁለቱን ጠርዞች እስከ መጨረሻ ተከተሉ። የጠርዝ ስንጥቅ ትንሽ ቢሆን እንኳ አይናቅም። እኔ አንድ ጊዜ የጓጓሁለትን ሮል ጠርዙን ሳላይ ጫንኩት። ግማሽ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ስንጥቅ ነበረው። ወረቀቱ ወደ አንድ ጎን ሲጎተት ስንጥቁ ያዘና ከአንድ ክንድ በላይ ተቀደደ። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ ያልመረመርኩትን ሮል ጭኜ አላውቅም።

የተቀደደውን በተራ ፕላስተር አትለጥፉ። ጊዜ ሲያልፍ ይቢጫል፣ ሙጫው ወጥቶ ቀጣዩን ዙር ወረቀት ያጣብቃል። ለድሮ ሰነድ ጥገና የሚሸጥ፣ አሲድ የሌለው ስስ ማጣበቂያ አለ። እሱን በትንሹ ቁረጡና ለጥፉ። ቀዳዳ ከተሸፈነ በሹል ምላጭ መልሳችሁ ክፈቱት። ይህ የሚያስቸኩል ሥራ አይደለም።

3. በማስመሪያ አንብቡት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ገባን። ሮሉ ከፊታችሁ ተዘርግቷል። ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው፤ ለእናንተ የቀረበው ቀድሞ ይሰማል። ግራው ወፍራሙ ድምፅ ነው፣ ቀኙ ቀጭኑ። ቀኝ ጠርዝ ላይ የዘፈኑ ግጥም ታትሞ ካገኛችሁ እሱም ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። ቤተሰብ ፒያኖው ዙሪያ ቆሞ ወረቀቱ ሲወርድ እያየ እንዲዘፍን ነው።

አጭር ቀዳዳ አጭር ድምፅ ነው። ረጅም ስንጥቅ፣ ወይም ተጠጋግተው የተደረደሩ ነጥቦች፣ ሲያዝ የሚቆይ ድምፅ ነው። ግራ ጠርዝ አካባቢ ብቻውን የቆመ ረጅም መስመር ካያችሁ እሱ ኖታ ላይሆን ይችላል፤ ድምፁ እንዲንሳፈፍ የሚያደርገውን ፔዳል የሚያዝ ሊሆን ይችላል።

ልኬቱን ያዙ። በባለ 88 ኖታ ሮል ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ 2.8 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ ተነስቶ ያው ድምፅ ቀጥኖ እስኪመለስ ያለው 12 ቁልፍ፣ 3.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለት ቁጥሮች ደግሞ ለብሉዝ ብቻ ያስፈልጓችኋል፤ 1.4 እና 2 ሴንቲ ሜትር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የተለመደው ብሉዝ 12 ባር ነው፤ ባር ማለት እኩል ምት ያለው የሙዚቃ ክፍል ነው፣ እዚህ አራት አራት ምት። በሦስት ስንኝ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ 4 ባር። የመጀመሪያው ስንኝ ይዘፈናል፣ ሁለተኛው ያንኑ ይደግማል፣ ሦስተኛው ይመልስለታል። ከሥሩ ያሉት ኮርዶች፣ ማለትም አብረው የሚመቱ የድምፅ ስብስቦች፣ ሦስት ብቻ ናቸው። ዋናውን «ቤት» እንበለው። ከባር 1 እስከ 4 ቤት ነን። በ5 እና 6 ወደ አራተኛው ኮርድ እንሄዳለን፤ በቅኝቱ ከቤት ጀምረን ስንቆጥር አራተኛው ድምፅ ላይ የሚቆመው ነው። በ7 እና 8 ቤት እንመለሳለን። በ9 ወደ አምስተኛው እንወጣለን፤ በ10 እዚያው ልንቆይ ወይም በአራተኛው በኩል ልንወርድ እንችላለን። በ11 እና 12 ቤት እንገባለን። አንዳንዱ ተጫዋች በባር 2 ለአፍታ ወደ አራተኛው ብቅ ብሎ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ። ግራ በኩል ያሉትን የመጨረሻ ወፍራም ድምፆች ተከተሉ። ባር 5 ላይ ስትደርሱ መላው ረድፍ 1.4 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ይዛወራል፤ ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ። ባር 7 ላይ ወደ ቦታው ይመለሳል። ባር 9 ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ፣ ወይም 1.4 ወደ ግራ። ከዚያ እንደገና ቤት። አንድም ድምፅ ሳትሰሙ «ይህ እውነተኛ ብሉዝ ነው» ማለት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ስሞክረው ማስመሪያዬ 1.4 ላይ ሲያርፍ ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ጮኼአለሁ።

ባሩ የት ይጀምራል የሚለው ሊያስቸግር ይችላል። መለያው ላይ ያለው ቴምፖ ይረዳል። ቴምፖ 80 ማለት ወረቀቱ በደቂቃ 8 ጫማ፣ ማለትም 2.4 ሜትር ገደማ ይሄዳል ማለት ነው። ቴምፖ 70 ከሆነ 7 ጫማ። ለምሳሌ በቴምፖ 80፣ ዘፈኑ በደቂቃ 100 ምት ቢሆን፣ አንድ ምት 2.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወረቀት ይይዛል። አራት ምት ያለው ባር ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። አንድ ሙሉ 12 ባር 1 ሜትር ከ17 ገደማ ነው፤ የጠረጴዛ ርዝመት። የራሳችሁን ሮል የምት ርቀት ከግራ እጁ ለኩና በእርሳስ ደብተር ላይ ጻፉ። ሮሉ ላይ ግን ምንም አትጻፉ።

ቀጥሎ ወደ ዝርዝሩ ቅረቡ። አጉሊ መነጽር ካላችሁ አምጡት።

ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ጣቱን ገመዱ ላይ እያንሸራተተ ከድምፅ ወደ ድምፅ ያልፋል። መካከል ያለውን ሁሉ ይነካል። የብሉዝ ዘፋኝም በጉሮሮው ይህንኑ ያደርጋል። ፒያኖ ግን አይችልም። ሽቦው የተወጠረው በአንድ ልክ ነው። ታዲያ የብሉዝ ፒያኒስት ምን ዘዴ አገኘ? ሁለት አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ቁልፎችን አንድ ላይ ለማለት ትንሽ ሲቀረው ይመታል። በቀኙ የወረቀቱ ክፍል ፈልጉት። አንድ በጣም አጭር ቀዳዳ አለ። ልክ በቀኙ፣ 2.8 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ፣ ረዘም ያለ ቀዳዳ ይጀምራል። አጭሩ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀድማል። በቴምፖ 80 ይህ የሰከንድ አንድ ሃያኛ ነው። ጆሮ እንደ ሁለት ድምፅ አይሰማውም፤ እንደ እንጉርጉሮ ነው የሚሰማው። ያቺ ጥንድ ቀዳዳ የብሉዝ ልብ ናት። አንድ ካገኛችሁ በኋላ በየቦታው ታይዋታላችሁ።

ሌላው የግራ እጅ ነው። 3.4 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ረድፎች እየተፈራረቁ፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ከሄዱ፣ ኦክታቭን ለሁለት ሰንጥቆ የሚራመድ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) ነው። ወረቀቱ ላይ መሰላል ይመስላል። በአንድ ባር ስምንት ደረጃ ከቆጠራችሁ፣ ቡጊ-ውጊ የሚባለው የብሉዝ ፒያኖ ስልት እየመጣ ነው። እንደ ጥልፍ ጥቅጥቅ ብለው የሚፈራረቁ ነጥቦች ደግሞ እየተንቀጠቀጠ የሚያዝ ድምፅ ናቸው። የሮል አዘጋጆች ይህን አብዝተው ይወዱት ነበር፤ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ።

የደብልዩ ሲ ሃንዲ «ሴንት ልዊስ ብሉዝ» ሮል ከገጠማችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ዘፈኑ በ1914 የታተመ ሲሆን በብዙ ኩባንያ ሮል ሆኖ ወጥቷል። 12 ባሩ መካከል 16 ባር ያለው ሌላ ክፍል ገብቶበታል፤ ምቱም የታንጎ ነው። ግራውን እዩ፤ እኩል ይራመድ የነበረው ርቀት ይቀየራል። አንድ ረጅም ክፍተት፣ አንድ አጭር፣ ከዚያ ሁለት እኩል መካከለኛ። ብሉዙ ሲመለስ ርቀቱም እንደገና ይስተካከላል።

በመጨረሻ ይህን ጠይቁ፤ እዚህ ላይ የሰው እጅ ምን ያህል ነው፣ የአዘጋጁ መቀስ ምን ያህል ነው? «በእጅ የተጫወተ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ፒያኒስቱ ምልክት በሚያደርግ ፒያኖ ላይ ይጫወታል። ከዚያ አዘጋጁ ስሕተት ያርማል፣ ምቱን ያስተካክላል፣ ኖታ ይጨምራል። በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ10 በላይ ቀዳዳ ከቆጠራችሁ ጣቱ የሰው አይደለም። አንድ ትልቅ እጅ ተዘርግቶ የሚደርሰው ወደ 4.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ተራርቀው ሦስት ቦታ የተሰበሰቡ ቀዳዳዎች ካያችሁ ሦስተኛው እጅ የአዘጋጁ ነው። የኮርድ ቀዳዳዎች በሙሉ እንደ ተቆረጠ ገለባ እኩል መስመር ላይ ከጀመሩ ተስተካክለዋል። ትንሽ ተዛንፈው፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ከጀመሩ ግን፣ የሰውየው እጅ አጠባበቅ አልጠፋም። እንዲህ ያለ ሮል ሳገኝ ደስ ይለኛል። የተጨመረበትም ቢሆን አይናቅም፤ የዚያ ዘመን ሰው የሰማው እሱን ነው።

4. መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙት

ሮሉን ጫኑ። ጫፉን ታችኛው በከራ ላይ አያይዙና ሁለት ሦስት ዙር በእጅ አዙሩ፤ ቀጥ ብሎ መግባቱን እዩ። የቴምፖውን ማንሻ መለያው ላይ ያለው ቁጥር ላይ አድርጉ። ፔዳሎቹን በእኩል፣ ቀለል ባለ ኃይል እየተፈራረቁ ርገጡ። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ድምፆች አንድ ላይ የሚጮኹ ከሆነ ወረቀቱ ከናሱ ዘንግ ጋር አልገጠመም ማለት ነው። ወደ ግራና ቀኝ በምታስተካክለው ቁልፍ አስተካክሉት።

በዚህ ዙር ምንም አትንኩ። ባሩን ብቻ ቁጠሩ፤ 1-2-3-4፣ 2-2-3-4፣ እያላችሁ እስከ 12። ባር 5 ላይ ወለሉ ከሥራችሁ ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። በማስመሪያ ያያችሁት 1.4 ሴንቲ ሜትር እሱ ነው። እያንዳንዱ ስንኝ ካለቀ በኋላ ቀኝ እጁ ምን እንደሚያደርግ አዳምጡ። ዘፋኙ ሁለት ባር ያህል ይዘፍናል፣ የቀረውን ሁለት ባር መሣሪያው ይመልስለታል። አዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን ለማስረዳት አያስቸግርም። ግጥሙ ሲያልቅ ማሲንቆው የሚመልሳትን ያስቡ። በሮሉ ላይ ዘፋኝ የለም፤ ቀኝ እጁ ጥያቄውንም መልሱንም ይዟል። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ትልቁ ደስታ ነው።

ፒያኖ የሌላችሁ በዚህ አትቅሩ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የድሮ ሮሎችን በምስል እያነሳ ወደ ድምፅ የሚቀይርበት ፕሮጀክት አለው፤ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ለንደን ያላችሁ ብሬንትፎርድ የሚገኘውን የሙዚቃ መሣሪያዎች ሙዚየም ጎብኙ፤ በራሳቸው የሚጫወቱ መሣሪያዎች በአካል ይታያሉ።

5. አሁን እግራችሁ ይግባበት

የልብስ ስፌት መኪና የረገጠ ሰው እግሩ በእኩል ምት ይለምዳል። እዚህ ይህን ልማድ መተው ያስፈልጋል። እኩል ከረገጣችሁ ፒያኖው እንደ ማሽን ይጮኻል፤ ብዙ ሰው «የሮል ሙዚቃ ነፍስ የለውም» የሚለው እንዲህ ሲጫወት ስለሰማ ነው።

ሁለተኛውን ዙር እንዲህ ሞክሩ። በመጀመሪያው ስንኝ በለሆሳስ ርገጡ፤ ወረቀቱ እንዳይቆም ያህል ብቻ። ሲደገም ትንሽ ጨምሩ። ሦስተኛው ስንኝ ሊጀምር ሲል፣ ከባር 9 ልክ በፊት፣ አንድ ፔዳል ላይ ጠንከር ያለ አጭር ግፊት ስጡ። ያ ኮርድ ከሌሎቹ ወጥቶ ይሰማል። ከዚያ ወዲያው ቀለል አድርጉ። ያችን 2.8 ሚሊ ሜትር ጥንድ ወረቀቱ ላይ ስትመጣ አይታችሁ ከእሷ ጋር መግፋት እስክትችሉ ተለማመዱ። ወረቀቱን በዓይን ማንበብ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው፤ የሚመጣውን አስቀድማችሁ ታዩታላችሁ። ቤዙንና ቀጭኑን ለየብቻ የሚያለዝቡ ማንሻዎች ካሉ፣ በመልሱ ላይ ቤዙን ዝቅ አድርጉት።

ስለ ፍጥነት የራሴን አስተያየት ልስጥ። ብዙ የብሉዝ ሮል በታተመው ቴምፖ ለእኔ ይፈጥንብኛል። ለጭፈራ ስለተሸጠ ነው። ከ80 ወደ 70 ዝቅ አድርጉትና ስሙት። ሐዘኑም ቀልዱም ቦታ ያገኛል። ወረቀቱ ታችኛው በከራ ላይ በተጠቀለለ ቁጥር በከራው ስለሚወፍር ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ወደ መጨረሻው ማንሻውን ትንሽ መለስ ማድረግ አይከፋም።

6. በጣም አዘግዩትና ጣታችሁን አስቀምጡ

ፒያኖ ለሚማር ሰው ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ማንሻውን ወደ 40 ወይም 30 አውርዱ። ቁልፎቹ በራሳቸው ሲወርዱ ይታያሉ። ጣታችሁን የወረዱት ቁልፎች ላይ አድርጉ፤ ዘፈኑ በዝግታ እጃችሁ ውስጥ ይገባል።

ታዋቂው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን የጀምስ ፒ. ጆንሰንን «ካሮላይና ሻውት» የተማረው በዚህ መንገድ ነው። ዘፈኑ ከብሉዝ ይልቅ የኒው ዮርኩ ሃርለም ሰፈር የፒያኖ ስልት ነው፤ ዘዴው ግን ለሁሉም ይሠራል። ኤሊንግተን ወጣት ሳለ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሮሉን አዘግይቶ ቁልፎቹን በጣቱ እየተከተለ ዘለቀው። ፋትስ ዋለርም እንዲሁ ከሮል ተምሯል። ኤሊንግተን ያደገው ዛሬ የእኛ ምግብ ቤቶች በሞሉበት በዩ ስትሪት አካባቢ ነው። እዚያ ሰፈር ስሄድ ሁልጊዜ ያ ወጣት ፒያኖው ፊት ጎንበስ ብሎ ትዝ ይለኛል።

አራት ባር ብቻ ምረጡ። ጥያቄውን ሳይሆን መልሱን እንድትመርጡ እመክራለሁ፤ አጭር ነው፣ ቅርጹም በጣት ይያዛል። ደጋግማችሁ ወደ ኋላ መመለስ ወረቀቱን ስለሚጎዳ፣ ለዚህ ልምምድ አዲስ የተሠራ ቅጂ ብትገዙ ይሻላል። የድሮዎቹን ሮሎች ገልብጠው ዛሬም በአዲስ ወረቀት የሚያወጡ አሉ። አሮጌው ለክብር ቀን ይቆይ።

7. አጠቃልላችሁ አስቀምጡ

ሮሉን ወደ ኋላ ስትመልሱ አትቸኩሉ። ሲመለስ ጠርዙ ከበከራው ጎን ጋር እንዳይፋተግ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ከወጣ በኋላ ልል ቢመስላችሁ ጫፉን ይዛችሁ በመሳብ አታጥብቁት። ወረቀቱ እርስ በርሱ ሲፋቅ ቀዳዳዎቹ ይሰነጠቃሉ። ይልቅ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ እንደገና ጠቅልሉት። በላስቲክም አትሰሩት።

ወደ ሳጥኑ መልሱና ከፀሐይ፣ ከማሞቂያና ከእርጥበት ራቅ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። እርጥበት ወረቀቱን ያሰፋዋል፤ የሰፋ ወረቀት ከናሱ ዘንግ ጋር አይገጥምም። ከዚያ አሲድ በሌለው ትንሽ ወረቀት ላይ የወደዳችሁትን ቴምፖ፣ የጠገናችሁትን ቦታና ያቺ ጥንድ ቀዳዳ በስንተኛው ባር ላይ እንደምትገኝ ጽፋችሁ ሳጥኑ ውስጥ ክተቱ። ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ከእዚያ ይጀምራል።